ሪባኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቅሬው ይነጋገርበት

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው፣ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ለኅዳር 16፣ ለፀረ ሴቶች ጥቃት ቀን፣ ነጭ ሪባን አዘጋጅተን የሰፈሩን ወንዶች ሰብስበን ስለ ሴቶች ጥቃት የአንድ ቀን ሥልጠና ልንሰጥ አስበናል። ሽማግሌዎቹ ግን ‹የሰው ጓዳ አትግቡ› አሉን። ግማሹ ወንድ ደግሞ ‹እኛ አንማታ፣ ምን አገባን› ይላል። ከእኛ ቤት ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ ያለ ሰውዬ ሚስቱን እንደሚደበድብ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንዶቹን እንዴት እናስገባቸው? ሰውዬውንስ ምን ልበለው?»

ሰላም ወንድሜ። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ሰውዬውን ብቻህን ሄደህ «ሚስትህን ትመታለህ አሉ» እንዳትለው። መጀመሪያ የሚልህ «ማን ነገረህ?» ነው። አንተ ዝም ብትል እንኳ መልሱን ለራሱ ይሰጣል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ስለዚህ እሷ ምን እንደምትፈልግ ይታወቅ። እሱንም አንተ አትጠይቃት። እናትህ ወይም እህትህ፣ ወይ ደግሞ እሷ የምታምናት አንዲት ጎረቤት ቡና ላይ ቀስ አድርጋ ታንሳላት። አንዳንዷ «ሰው ያናግርልኝ» ትላለች። ሌላዋ «ወንድሞቼ እስኪመጡ ዝም በሉልኝ» ትላለች። ይሄም መልስ ነው፣ ይከበርላት።

ሌሊት ጩኸት ከሰማህ ግን ምክክር አይጠበቅም። ሌላ ወንድ ጎረቤት ጨምረህ ሂድና በሩን አንኳኳ። ስለ ጠቡ አንድ ቃል አትተንፍስ። «መብራት እናንተም ጋ ጠፍቷል?» በል። ክብሪት ተበደር፣ ፓናዶል ጠይቅ፣ ያገኘኸውን በል። ዱላው ለጊዜው ይቆማል፣ ሰውዬውም ጎረቤት እንደሚሰማው ያውቃል። ጠመንጃ ያለበት ቤት ከሆነ ግን አንተም ጀግና አትሁን፣ ፖሊስ ይጠራ።

አንቋት ከሆነ፣ ቢላ ወይም መሣሪያ አውጥቶባት ከሆነ፣ «እገድልሻለሁ» ማለት ከጀመረ፣ ወይም እሷ ጥላው ለመውጣት እየተሰናዳች ከሆነ ነገሩ ከጎረቤትም ከሽማግሌም አቅም በላይ ነው። በተለይ ማነቅ። ሰንበር ላይተው ይችላል፣ ሰውም «አልተጎዳችም» ይላል፣ ነገር ግን ሴት በባሏ እጅ ከመገደሏ በፊት ደጋግመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። ጥላው የምትወጣበት ሰሞን ደግሞ ከሁሉም አስጊው ነው። ተደፍራ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ትድረስ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥም፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። «እስኪ ሽማግሌ ይምከርበት» እየተባለ የሚያልፈው ሦስት ቀን ይሄው ነው።

አሁን ወደ ወንዶቹ።

«እኛ አንማታ፣ ምን አገባን» ያሉህ ሰዎች እኮ ዋነኞቹ ናቸው። እኔ ብሆን ሥራውን ከነሱ ነው የምጀምረው፣ ከመቺው አይደለም። ለምን መሰለህ? አንድ በርጫ አስብ። ሰባት ስምንት ወንድ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፣ ምርቃናው ደርሷል፣ ጨዋታው ደርቷል። አንዱ «ትናንት አንድ ጥፊ አቀመስኳት፣ ዛሬ ቀጥ ብላ ቁርስ አቀረበች» ይላል። አራቱ ይስቃሉ። አንዱ «ሴትና አህያ…» ብሎ ያቺን የታወቀች ተረት ይጀምራል። የቀሩት ሁለቱ አይስቁም፣ ጫታቸውን እየቀነጠሱ መሬት መሬት ያያሉ። ደስ አላላቸውም፣ ግን ዝም አሉ። ተናጋሪው የነዚህን ሁለት ሰዎች ዝምታ እንዴት ነው የሚቆጥረው? እንደ ሳቁ ነው የሚቆጥረው። ሁሉም ከኔ ጋር ነው ብሎ ይነሳል።

ያ ሰውዬ እኔን ቢሰማኝ ከአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። እኔ ለሱ ከደሴ አበል በልቶ የመጣ ባለሙያ ነኝ። የበርጫ ጓደኞቹ ፊት መዋረድ ግን አይችልም። ከሁለቱ ዝምተኞች አንዱ «ኧረ ተው፣ ይሄ እንኳ አያስቅም» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «እውነቱን ነው» ብሎ ቢያስከትል በቂ ነው። ስብከት አያስፈልግም። ወንዶቹን አስገባን የምንለው እነዚያን ሁለት ሰዎች እንዲናገሩ ስናደርግ ነው። ብቻቸውን እንደሆኑ ስለሚያስቡ ነው የማይናገሩት። አንተ መጀመሪያ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ አድርጋቸው።

ሪባኑንም አንስተሃል። አልቃወምም፣ ግን ከየት እንደመጣ እወቅ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1989 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ አንድ ሰው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ገብቶ 14 ሴቶችን ገደለ። ከዚያ በ1991 የተወሰኑ ካናዳውያን ወንዶች ነጭ ሪባን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቃል የገቡት ሦስት ነገር ነው። ጥቃት ላልፈጽም፣ ላልደግፍ፣ አይቼም ዝም ላልል። እኛ ጋ ሲደርስ ሦስተኛው ጠፍቶ ፎቶው ብቻ ቀረ። ኅዳር 16 ሪባን ታስሮ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፎቶ ተነስቶ፣ ለስላሳ ተጠጥቶ ይበተናል። መቺውም ሪባን ያስራል እኮ! ማን ይከለክለዋል?

የአንድ ቀን ሥልጠናውንም ብትተወው ደስ ይለኛል። በተለይ «በአገራችን ይሄን ያህል ሴት ይደበደባል» ብለህ በቁጥር አትክፈት። የሚመታው ሰው ቁጥሩን ሲሰማ አይደነግጥም፣ «ታዲያ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብሎ ይጽናናል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ብዙ ነው፣ የተደበቀውም አለ። ለወንዶቹ ስትናገር ግን ገልብጠህ ንገራቸው። ሁለት ሦስተኛው አልደረሰብንም ብለዋል፣ ስለዚህ አብዛኛው ባል ሳይመታ እየኖረ ነው በል። ያን ጊዜ ከመንገድ የወጣው መቺው ይሆናል።

እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ወይም አልጋ ብትከለክለው ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ይሄን የሰማ ወንድ «አየህ፣ ራሳቸው ናቸው የሚፈልጉት» ይልሃል። ተዘጋጅተህ ጠብቀው። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ሴቷ የመለሰችው እናቷ ያስተማረቻትን የመኖሪያ ዘዴ ነው፣ «ቻይው» የሚለውን። ወንዱ ደግሞ ለመዝጋቢ ፊት አሳምሮ መመለስ አይከብደውም።

«ይሄ ሁሉ ጦርነቱ ያመጣው ጣጣ ነው» የሚልም አይጠፋም። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ማናችንም አንረሳም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ በትንሽ ትልቁ የሚደነብር ሰው ሞልቷል፣ ሊታከምም ይገባዋል። ግን አሁን የነገርኩህ ቁጥር ከጦርነቱ በፊት የተሰበሰበ ነው። ደግሞ ልብ በል፣ ያ ብስጩ ሰው ቀን ላይ አሠሪው ሲሰድበው እጁን አጣጥፎ ይሰማል። ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቀው አቤት ይላል። እጁ የሚቀለው ቤት ሲገባ ብቻ ከሆነ፣ ራሱን መግዛት አቅቶት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቡና ይፈላ። ቀልዴን አይደለም። ጉራጌ ዞን ውስጥ 64 መንደሮች ላይ በተሠራ ሙከራ ሰዎች በቡና ሥነ ሥርዓት እየተሰባሰቡ 14 ጊዜ ተነጋገሩ፤ አንዳንዱ ቦታ ወንዶች ለብቻቸው፣ አንዳንዱ ቦታ ሴቶች ለብቻቸው፣ አንዳንዱ ቦታ ባልና ሚስት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠና ወንዶች ለብቻቸው ከተሰባሰቡባቸው መንደሮች የወሲብ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ቡና ላይ ሰፈር መምከር እንደሆነ ወሎን ማንም አያስተምረውም። ዱዓው፣ ወዳጃው፣ የቅሬው ስብሰባ ሁሉ ያለ ቡና መች ያልቃል።

የምመክርህ ይሄን ነው። ከቅሬው አስር አስራ ሁለት ወንድ ምረጥ። ዝምተኞቹ ይግቡበት፣ ወሬ የሚያሳምረው ብቻ አይሁን። በየአስራ አምስት ቀኑ አንድ ሰው ቤት ተቀመጡ፣ ሰዎቹ አይቀያየሩ። ቡናውን ወንዶቹ ራሳቸው ያፍሉት። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ሲኒ አጥቦ የሚያቀርብ ተረኛ ይኑር። መጀመሪያ ቀን ይሳሳቃሉ፣ ጀበናው ይገነፍላል፣ አቦሉ አተላ ይሆናል። ይሁን። ሚስቶቹ እያፈሉላቸው ስለ እኩልነት ሲያወሩ የሚውሉበት ስብሰባ ብዙ አይቻለሁ፣ ያስቃል።

ወሬውን ከዱላ አትጀምሩ። ከብር ጀምሩ። እኛ አገር ስንት ቤት ነው ሚስት ሳውዲ ወይም ዱባይ ሆና የምትልክበት! ብሩ ምን ላይ ዋለ፣ ቤቱ በማን ስም ተሠራ፣ ስትመለስ ደብተሩ ላይ ምን ጠበቃት? እዚህ ላይ ወንዱ ሁሉ የሚያወራው አለው። ከዚያ ወደ ልጅ አስተዳደግ። ከዚያ ሲለምዱ፣ ምናልባት አራተኛው አምስተኛው ቡና ላይ፣ «አባትህ ተቆጥቶ ሲገባ ቤታችሁ ምን ይመስል ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ጠይቀህ ዝም በል፣ ቶሎ አትሙላው። አንዱ አልጋ ሥር ተደብቆ እንዳደረ ይነግርሃል። ሌላው እናቱን ሊገላግል ገብቶ ጥርሱ እንደወለቀ ያሳይሃል። እናቱ ስትመታ እያየ ያደገ ወንድ ራሱ የመምታት ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል በብዙ አገር ተጠንቶ የታወቀ ነው። ሁሉም ግን አይመታም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ያን ቀን ስለማይረሳ ነው እጁን የሚሰበስበው። ከዚህ ሰው አፍ የሚወጣው ቃል ከኔ አንድ ወር ሥልጠና ይበልጣል።

«እህትህ ብትሆንስ? እናትህ ብትሆንስ?» የሚለውን ነገር ግን ተወው። አልወደውም። ሚስቱ የማትመታው የሰው እህት ስለሆነች ሳይሆን ሰው ስለሆነች ነው። ደግሞስ እህቱን የሚመታ ወንድም የለም እንዴ? «ወንድ የሴት ጠባቂ ነው» የሚለውም እንደዚያው። ጠባቂ ነኝ ያለ ሰው ነገ «የት ነበርሽ?» ማለቱ አይቀርም።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ተጠንቅቀህ ግባ፣ ግን ግባ። አትጣላቸው። አባጋሮች ደም ያደርቃሉ፣ ባላንጣ ያስታርቃሉ፣ እነሱ ያሉትን ሰፈሩ ይሰማል። ችግሩ የባልና ሚስት ሽምግልና የሚሄድበት መንገድ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ተደብድባ አባቷ ቤት ትገባለች። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ባልየው በር ሥር አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ምርቃት ይደረጋል፣ ጨዋታ ይጀመራል፣ ስለ ዝናብ ይወራል። ከዚያ አንዱ «ይህ ልጅ አጥፍቷል፣ አጥፍቻለሁም ብሏል» ይላሉ። እሱም «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ የአባቷን ጉልበት ይስማል። የአባቷን! የተመታችው እሷ፣ ይቅርታ የሚጠየቀው አባቷ። እሷ ጓዳ ሆና ቡና ታፈላለች። በረካው ላይ ትጠራለች፤ «በይ ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ፣ ለልጆችሽ ብለሽ» ትባላለች። ሦስት ሽማግሌ ፊት «አይ» የምትል ማን አለች? ማታውን ትመለሳለች።

ለሽማግሌዎቹ «ይህን አቁሙ» አትበል። «ይህን ጨምሩበት» በል። መጀመሪያ ሴቷ ለብቻዋ ትሰማ፤ ሁለት የተከበሩ እናቶች፣ ከዱበርቲዎቹ ብትሉ፣ ቃሏን ይቀበሉ። አልመለስም ካለች ነገሩ እዚያ ላይ ይቁም። እመለሳለሁ ካለች ደግሞ ዋስ ይጠራ። ዋስ መጥራት አዲስ ነገር አይደለም፣ ለበሬም ለመሬትም ይጠራል። ሁለት ሰው «በኔ ይሁን፣ እጁን አያነሳባትም» ብሎ ይፈርም፣ ገደቡም በብር ይጻፍ። ቢደግም ብሩን ዋሶቹ ይክፈሉ፣ ለሷ ይሰጥ። ከቤቱ ከተወሰደማ የተቀጡት ልጆቹ ናቸው። ዋስ የሆነ ሰው ብሩ እንዳይሄድበት ሲል በየሳምንቱ ብቅ ይላል፣ «እንዴት ናችሁ?» ይላል። ከወንዱ የምንፈልገውም ይህንኑ አይደል?

ይሄ ግን ለቀላሉ ነው። አጥንት የተሰበረበት፣ የታነቀችበት፣ የተደፈረችበት ነገር ሽማግሌ ዘንድ አይሄድም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ሚስቱን ወይም አብራው የምትኖረውን ሴት የመታ፣ ሌላ ሰው እንደመታ ተቆጥሮ ይጠየቃል ይላል። ባል መሆን ቅናሽ አያሰጥም። ሕጉ የጎደለውም አለ፤ አስገድዶ መድፈርን አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ገድቦታል፣ በትዳር ውስጥ ያለው አልተነካም። እሱን ክፍተት ለጊዜው የሚሞላው ወንዶቹ ቡና ላይ የሚያወሩት ወሬ ነው።

«የሰው ጓዳ አትግቡ» ላሉህ አባት መልሱ በእጅህ ነው፣ የቅሬ ጸሐፊ ነህ። መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጣና አንብብላቸው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ያልመጣ ይቀጣል። ለቅሶ ቤት ያላደረም ይቀጣል። የሚስቱን ክንድ የሰበረ ግን ደንቡ ላይ የለም። እሷ ስትሞት ድንኳን ይዞ ጓዳዋ ድረስ የሚገባው ቅሬ በቁሟ ሳለች ቢያንኳኳ ምን ነውር አለው? በትህትና ነው ታዲያ፣ «አባባ» እያልክ።

የሃይማኖት አባቶችን አትርሳ። የወሎ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነውና ለአንዱ ወገን ብቻ የተነገረ አይምሰል። ሼኹ ጁምዓ ላይ ነቢዩ ሴት በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ የተላለፈውን ያንሱ። ቄሱም በዚያው ሳምንት ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው ይውደድ የሚለውን ያንሱ። የንስሐ አባት ደግሞ ቤት ለቤት ይገባል፣ የማይነገረውን ይሰማል። «ታገሺ» ከማለቱ በፊት «ደኅና ነሽ ወይ? የምትሄጂበት አለሽ?» ብሎ እንዲጠይቅ ቀድመህ አነጋግረው።

ወንዶቹ ቡና ላይ የተስማሙበትን ሁሉ ለሰፈሩ ሴቶች አሰሙ። ሴቶቹ «ይሄ እኛን አይጠቅምም» ካሉ ይቀየር። ባለመምታቱ የሚጨበጨብለት ወንድም አይኑር፣ ምስክር ወረቀትም አታድሉ።

አንድ ሳትጠይቀኝ የምነግርህ አለ፣ መምጣቱ አይቀርምና። ከመቺዎቹ አንዱ የቅሬው ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቢገኝስ? ብዙ ቦታ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሞተው። ስለዚህ ስም ሳይነሳ በፊት፣ ገና ደንቡ ሲረቀቅ አንድ መስመር አስገባ፦ ሚስቱን የመታ ሰው ለሌላ ሰው ሽማግሌም ዋስም አይሆንም፣ የቅሬ ሥልጣንም ካለው ነገሩ እስኪያልቅ ለምክትሉ ያስረክባል። ለድምፅ ሲቀርብ እሱም እጁን ማውጣቱ አይቀርም፣ ሰው ፊት ምን ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ቃለ ጉባኤውን አንተ ጋ አስቀምጥ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ እናቶቹ ዘንድ ይሁን።